ታማሚው እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ክትባት ምን ያህል ይከላከላል?

ጠያቂ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በኮሮና ክትባት ላይ የጀመርነው ክርክር መቋጫ ስላጣ፣ ጉዳዩን በሙያችሁ የምታውቁ ሰዎች እንድታብራሩልን ጥያቄዬን እዚህ አቅርቤያለሁ። የፋይዘር ክትባት የሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ይፋ ሲደረግ 95 በመቶ ይከላከላል ተብሎ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በኋላ ግን በስፔን ከታማሚ ጋር የቅርብ ንክኪ በነበራቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አነበብኩ፤ በዚያ ጥናት ሁለት ጊዜ የተከተቡት ሰዎች በቫይረሱ ከመያዝ የተጠበቁት 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንዱ ባልደረባዬ ይህን ይዞ «ቀድሞ የተነገረን እውነት አልነበረም» ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ የኋለኛው ጥናት ስሕተት ሳይኖርበት አይቀርም ትላለች። እኔ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ትክክል አይመስለኝም፤ ሆኖም ሁለቱ እንዴት አብረው ሊቆሙ እንደሚችሉ ማስረዳት አቅቶኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የበለጠ አሳሳቢ ነው። በሰፈራችን ኩፍኝ ገብቷል። የተከተበ ልጅ ታሞ ያዩ እናቶች «ታዲያ ክትባቱ ምን ሠራ?» ማለት ጀምረዋል። አንድ ልጅ ከታመመ በኋላ አብረውት የሚኖሩትንና የሚጫወቱትን ልጆች ማስከተብ ይጠቅማል ወይስ ጊዜው አልፏል? እባካችሁ በቁጥርም በምሳሌም አስረዱን።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

የጠቀሷቸው ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ሰው ሁሉ መቶኛውን ብቻ ይዞ ስለሚሄድ፣ ከመቶኛው በስተጀርባ ምን እንደተቆጠረ ጥቂት ልዘርዝር።

በፋይዘር ሙከራ ከ43,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ወስደዋል። ከሁለተኛው መርፌ ሰባት ቀን በኋላ የሕመም ምልክት አሳይተው በምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ሲቆጠሩ፣ ከተከተቡት 8፣ ካልተከተቡት 162 ሆኑ፤ 95 በመቶ የተባለውም ከዚህ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የተቆጠረው ምልክት ያሳየ ሰው ነው እንጂ ቫይረሱ የገባበት ሁሉ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ ተሳታፊዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን የሚኖሩ ሰዎች ስለነበሩ አብዛኞቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቫይረሱ ጋር ጨርሶ አልተገናኙም።

እርስዎ ያነበቡት የስፔኑ ጥናት በናቫራ ክልል እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ሚያዝያ 2021 የተደረገው ይመስለኛል። በዚያ ክልል በምርመራ የተረጋገጠ ታማሚ ሲገኝ ከእርሱ ጋር የቅርብ ንክኪ የነበራቸው ሰዎች እየተመዘገቡ፣ ምልክት ኖረባቸውም አልኖረባቸውም ይመረመሩ ነበር፤ ጥናቱ ከ20,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ይዟል። ስለዚህ ሁሉም ቫይረሱን ከያዘ ሰው ጋር እንደተገናኙ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚወዳደሩትም ከተመሳሳይ አደጋ ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው። ሁለት ጊዜ ፋይዘር የተከተቡት ከመያዝ 65 በመቶ፣ ምልክት ካለው ሕመም 82 በመቶ፣ ሆስፒታል ከመተኛት 94 በመቶ ተጠብቀው ተገኙ። እንግዲህ ከሙከራው 95 ጋር መነጻጸር ያለበት 82 ነው እንጂ 65 አይደለም፤ ባልደረቦችዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያነጻጸሩ ነው የተከራከሩት።

ከ95 እስከ 82 የቀረው ልዩነትም አያስገርምም። በገበያ መሐል ለአፍታ ከታማሚ ጋር የተላለፈና በአንድ ክፍል ውስጥ ከታማሚ ጋር ለቀናት ያደረ ሰው የሚያገኛቸው የቫይረስ መጠን እኩል አይደለም። ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ማረሚያ ቤቶች በዴልታና በኦሚክሮን ዝርያዎች ወቅት የተደረገው ጥናት ነው፤ ክትባት የሰጠው ጥበቃ ከታማሚ ጋር የታወቀ ንክኪ ባልነበራቸው እስረኞች ላይ በግልጽ ሲታይ፣ በአንድ ክፍል አብረው በተቆለፉት ላይ ግን ከመያዝ የማዳኑ ኃይል እጅግ ቀንሶ ታይቷል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። 65 በመቶ ማለት ከመቶ የተከተቡ ሰዎች 35ቱ ይያዛሉ ማለት አይደለም። በአንድ አካባቢ ያልተከተቡ መቶ ንክኪዎች ቢኖሩና 40ዎቹ ቢያዙ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተከተቡ መቶ ሰዎች የሚያዙት 14 ይሆናሉ ማለት ነው። ከሆስፒታል መተኛት ጋር የተያያዘው 94 በመቶ ደግሞ ጠንካራ ቁጥር ቢሆንም ብዙ ሰው በማይተኛበት ስሌት ላይ የቆመ ስለሆነ የእርግጠኝነት ወሰኑ (እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለው ክልል) ከ60 እስከ 99 ይደርሳል፤ ጋዜጦች ይህን ወሰን አለመጻፋቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለእኛ አገር አንባቢ የሚጠቅመው በዚያው ጥናት የተገኘው የአስትራዜኔካ ውጤት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2021 ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል የተረከበችው የመጀመሪያው ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ክትባት እርሱ ነበርና። አንድ መርፌ ብቻ የወሰዱ ንክኪዎች ከመያዝ የተጠበቁት 44 በመቶ ሲሆን፣ ሆስፒታል ከመተኛት የተጠበቁት ግን 92 በመቶ ነው። በ44ቱ ተስፋ ቆርጦ 92ቱን ሳያይ የቀረ ሰው ብዙ ነው። እኔ እናት ወይም አባት የሚጦር ሰው ሲጠይቀኝ አስቀድሜ የምነግረው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

የስታቲስቲክስ መምህር

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «የተከተበ ልጅ ታሟል» ለሚለው ግን የራሱ የሆነ ስሌት ስላለው ለብቻው ልመልስ።

በአንድ መንደር ኩፍኝ ከገባባቸው ቤቶች ውስጥ መቶ ልጆች አሉ እንበል፤ 90ዎቹ አንድ ጊዜ የተከተቡ፣ 10ሩ ያልተከተቡ ናቸው። ኩፍኝ ምንም መከላከያ ከሌላቸው የቤት ውስጥ ንክኪዎች ከአሥር ዘጠኙን ስለሚይዝ፣ ካልተከተቡት 10 ልጆች 9ኙ ይታመማሉ። ክትባቱ 85 በመቶ የሚከላከል ከሆነ ከተከተቡት 90 ልጆች 12 ያህል ይታመማሉ። በመንደሩ ከታመሙት 21 ልጆች 12ቱ የተከተቡ ሆነው ሲገኙ፣ የታመመውን ብቻ የሚቆጥር ሰው «የተከተቡት ይበዛሉ» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከተከተቡት 78ቱ፣ ካልተከተቡት አንዱ ብቻ ነው የዳነው። እናቶቹ የሚያዩት 12ቱን ነው፤ 78ቱ ደግሞ ምንም ስላልሆኑ ዓይን ውስጥ አይገቡም። በማንኛውም ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከስንት?» የሚለው ነው።

የማስተርስ ተማሪ

ለቀደሙት መልሶች አክብሮት አለኝ፤ ይሁን እንጂ በንክኪ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ከአድልዎ ነጻ እንደሆኑ ተደርገው መቅረባቸው ያሳስበኛል። እነዚህ ጥናቶች ሰዎችን በዕጣ አይመድቡም። የተከተበ ሰው ምናልባት ቤት ውስጥም ጭምብል የሚያደርግ፣ ከታማሚው ርቆ የሚተኛ ጥንቁቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የጥንቃቄው ውጤት ለክትባቱ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ ባልና ሚስት አንድ ሰርግ ላይ አብረው ተይዘው ሲመለሱ፣ ቀድሞ ምልክት ያሳየው ታማሚ፣ ሌላው ንክኪ ተብሎ ይመዘገባል፤ በእውነቱ ግን አንዱ ከሌላው አልተያዘም።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጥናት የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ነባር በሽታን፣ ከታማሚው ጋር ያለውን የንክኪ ዓይነት (በአንድ ቤት መኖርን ወይም ሌላ) እና ወሩን በስሌታቸው ያካትታሉ። ይሁን እንጂ አድልዎው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደማይጎትት ልብ ይበሉ። በ2021 መጀመሪያ ስፔን ውስጥ ቀድመው የተከተቡት አረጋውያንና የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ እነዚህ የበለጠ የሚጋለጡ ወይም ሰውነታቸው ለክትባት ደከም ያለ ምላሽ የሚሰጥ ሰዎች በመሆናቸው የክትባቱን ብቃት ዝቅ አድርገው ሊያሳዩት ይችላሉ። ካልተከተቡት መካከል ቀደም ሲል ሳይታወቅ ተይዘው የዳኑ ካሉም ልዩነቱ ይጠባል። በሰርጉ ምሳሌ የጠቀሱት ስሕተት ደግሞ በተከተቡትም ባልተከተቡትም ቤቶች ይገኛል።

በዚህ አጋጣሚ በጥያቄው ያልተነሣ አንድ ጉዳይ ላንሣ። ክትባቱ ንክኪ የሆነውን ሰው ብቻ ሳይሆን ታማሚውንም ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር በ2021 መጀመሪያ የቤተሰብ መዛግብት ሲመረመሩ፣ መጀመሪያ የታመመው ሰው ከመታመሙ ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት አንድ መርፌ ወስዶ ከነበረ ወደ ቤተሰቡ የመተላለፉ ዕድል ከ40 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዴልታ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በለንደንና በቦልተን በተደረገ ጥናት በቤት ውስጥ ከተጋለጡት መካከል ከተከተቡት 25 በመቶ፣ ካልተከተቡት 38 በመቶ ተይዘዋል። በአንድ ወቅት የተለካን ቁጥር ለሌላ ወቅትና ለሌላ ዝርያ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

የክትባት ክፍል ነርስ

እኔ የምመልሰው የኩፍኙን ጥያቄ ነው፤ በኮሮና ክርክር መካከል ተድበስብሶ እንዳይቀር።

የኩፍኝ ክትባት ከተጋለጡ በኋላም ከሚሠሩት ጥቂት ክትባቶች አንዱ ነው። ምክንያቱም የዱሩ (ማለትም ከታማሚ የሚተላለፈው) ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሕመሙ እስኪወጣ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ሲወስድ፣ የተዳከመው የክትባት ቫይረስ ግን የሰውነትን መከላከያ ከዚያ ፈጥኖ ያነቃቃል። ስለዚህ ልጁ ከታማሚ ጋር ከተገናኘበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከተበ ሕመሙ ሊቀር ወይም ሊቀልል ይችላል። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። እናት ሽፍታውን አይታ ኩፍኝ መሆኑን ስታውቅ፣ በአንድ አልጋ የሚተኛው ወንድሙ ተጋልጦ ቆይቷል፤ 72ቱ ሰዓት አልቋል። በዚህ የተነሣ ከታመመ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ይበልጥ የሚያድነው ገና ያልተገናኙትን የጎረቤትና የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ነው። ለወንድሙም ቢሆን እንዲሰጥ እመክራለሁ፤ ጉዳት የለውም፣ ዛሬ ካልተያዘም ለሚቀጥለው ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ነገር ስንት ጊዜ ተከትቧል የሚለው ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ በዚህ ዕድሜ ከእናት የወረሰው መከላከያ በአንዳንዱ ሕፃን ደም ውስጥ ገና ስላለ ክትባቱን ያደክመዋል፤ ለዚህ ነው ብቃቱ 85 በመቶ አካባቢ የሚቆመው። ሁለተኛው ዙር በ15 ወር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ብዙ እናቶች ግን ዘጠኝ ወር ላይ ጨረስን ብለው አይመለሱም። «ተከትቦ ታመመ» ከሚባሉት ልጆች አብዛኞቹን ካርዳቸውን ሳይ ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ «ተከትቧል» ስትለኝ ካርዱን አምጪ እላትና ስናየው በዘመቻ ቤት ለቤት የተሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ሆኖ እናገኘዋለን። እናቲቱ አልዋሸችም፤ ለእርሷ ጠብታውም ክትባት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ግን በኩፍኝ በኩል ያልተከተበ ነው።

ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ሆኖ በብልቃጥ ይመጣና በማሟሚያው ከተቀላቀለ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ብልቃጡ የአሥር ልጅ ሲሆን አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ «ሌላው እንዲባክን አልከፍትም፣ በክትባቱ ቀን ነይ» የሚባልበት ጤና ጣቢያ አይቻለሁ። ወረርሽኝ ባለበት ሰፈር ይህ መልስ 72ቱን ሰዓት መንጠቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ እንዲከፈት ያዛል። የተጣለው ዘጠኝ መጠን ያሳዝናል፤ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት ሳታስከትብ ስትመለስ ግን የበለጠ ያሳዝናል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ

ታማሚውን ከቦ መከተብ ምን ያህል እንደሚሠራ ከታየባቸው ሥፍራዎች ሁለቱን ልጥቀስ፤ አንደኛው የእኛው ቀጣና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በጊኒ ኢቦላ ሊበርድ ሲል አዲሱን ክትባት ለመፈተን የተመረጠው ዘዴ ቀለበት ይባላል። አንድ ታማሚ ሲገኝ ከእርሱ ጋር ንክኪ ያላቸው፣ ከእነርሱም ጋር ንክኪ ያላቸው ሁሉ አንድ ቀለበት ይሆናሉ፤ ግማሹ ቀለበት ወዲያው፣ ግማሹ ከ21 ቀን በኋላ እንዲከተብ በዕጣ ይመደባል። ከተከተቡ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ካለፋቸው ሰዎች መካከል አንድም ታማሚ አልተገኘም፤ ዘግይቶ እንዲከተብ በተመደበው ወገን ግን 16 ሰዎች ታመሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከተከተቡትም የታመሙ ነበሩ፤ መርፌውን ሲወስዱ ቫይረሱ አስቀድሞ ገብቶባቸው ነበርና። በኋላ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከ2018 እስከ 2020 በነበረው ትልቅ ወረርሽኝ የዚሁ ክትባት ብቃት በገሃዱ ኑሮ ሲለካ 84 በመቶ ሆነ፤ በሙከራ መቶ የነበረው ማለት ነው። ከላይ የተነሣው የ95ና የ82 ነገር እዚህም በሌላ መልኩ ይታያል። ተከትበው ከታመሙት የሞቱት 25 በመቶ ሲሆኑ፣ ሳይከተቡ ከታመሙት 56 በመቶ ሞተዋል፤ እኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ፈንጣጣ ነው። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር፣ ያንን ሁሉ ተራራና በረሓ አዳርሶ ሕዝቡን በሙሉ መከተብ የማይታሰብ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ታማሚውን እየፈለጉ በዙሪያው ያሉትን ይከትቡ ነበር። ክትባቱ ከተጋለጡ በኋላ እስከ ሦስትና አራት ቀን ድረስ ስለሚሠራ ይህ ዘዴ ያዋጣ ነበር። የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በ1976 ተመዘገበ። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን ነበር፤ ታማሚዎችን ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብሮ ተሳፍሮ ነው የተያዘው። ንክኪዎቹ ተፈልገው፣ አካባቢው ተከትቦ ከእርሱ የተያዘ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ጠያቂ ከደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህሩን ስሌት አትሜ ለባልደረቦቼ እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለነርሷ ላስቸግርዎት፤ ከታመመው ልጅ ቤት ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤቴ የሰባት ወር ሕፃን አለችው። ዘጠኝ ወር አልሞላትምና ምን ያድርግ?

የክትባት ክፍል ነርስ

በወረርሽኝ ጊዜ ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኬላው ይውሰዳትና በጎረቤት ኩፍኝ እንዳለ በግልጽ ይናገር፤ ባለሙያዋ ወረርሽኙን ካላወቀች በዕድሜዋ ብቻ አይታ ልትመልሳቸው ትችላለች። ይህ መርፌ ከመደበኛው ውጭ የሚሰጥ ስለሆነ በዘጠኝና በ15 ወር የሚሰጡት አይቀሩም፤ ካርዷ ላይ ከነቀኑ እንዲጻፍ ያድርግ። የታመመውን ልጅ በተመለከተ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን በተከታታይ መውሰድ ስላለበት፣ ቤተሰቡ «በራሱ ይለቀዋል» ብሎ ቤት እንዳያስቀምጠው ይንገሩልኝ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጡት ወይም ምግብ እንቢ ካለ ወይም ከደከመና ከፈዘዘ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።